በር ላይ የሚቀና ነጠላ

መደበቅ የዚያ ቤት ልማድ ነበር። ከክፋት አይደለም፤ ሲዋደዱ ነው የሚደባበቁት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸው ሞተው ሁለት ልጆች ይዘው ገሳይ ላይ ሲቀሩ፣ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ ውስጥ ያችኑ ገብስና ድንች እያካፈሉ ሲያሳድጓቸው፣ «እናንተ ብሉ፤ እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» ይሉ ነበር። ምን ቀምሰው! ልጃቸው ይሻው ተምሮ ቆላ ወርዶ ይፋግ ላይ መምህር ሆነ፤ ወባ እየጣለ ሲያነሣው ከርሞ በስልክ «ተመችቶኛል እናቴ» ይላል። ታናሿ ዝናሽ እናቷን ብቻቸውን መተው አላስችል ቢላት ትምህርቷን ጥላ ተመለሰችና «ሰለቸኝ» አለች። እንዲህ እየተሸዋወዱ ኖሩ፤ ኑሯቸውም ደስ ይላቸው ነበር።

ታዲያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀኝ ጡታቸው ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ሲዳስሱ ምን ያድርጉ? ደበቋት። ባቄላዋ ድንች እስክታህል ዓመት ሙሉ ደበቋት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ለሰው ይተርቱ ነበር እንጂ ለራሳቸው አልሰሙትም። አንድ ቅዳሜ ዝናሽ ጀርባቸውን ስታጥባቸው አየችውና ጮኸች። እናቷ አፏን በእጃቸው ከድነው፣ «ቀስ በይ፣ ይሻው እንዳይሰማ!» አሏት፤ ይሻው ይፋግ መሆኑን እንኳ ረስተው።

ደብረ ታቦር ያየቻቸው ሐኪም ካንሰር ነው አለች። ባሕር ዳር ሄደው ኬሞ የሚባለውን ኃይለኛ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ቀጠሮው እስኪደርስ እናትና ልጅ እዚያው ደብረ ታቦር፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም አቶ ፈንታሁን ቤት አረፉ። ይሻው ይህን ሲሰማ በስልክ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እናቴ፣ እኔ ሳልመጣ የትም እንዳትሄጂ። እጅሽን ይዤ የማስገባሽ እኔ ነኝ» አላቸው።

«አንተ ከያዝከኝማ ምን እፈራለሁ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ያን ቀን ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግበው በሉ።

ሐሙስ ጠዋት ይሻው ከይፋግ ተነሣ። ከወረታ ወዲህ ዳገቱ ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ፤ ይሻው ብቻ አልተረፈም። አወይ የሰው ዕጣ! ሞት የታመመችውን እናት አልጋዋ ላይ አልፎ፣ ሊያሳክማት የሚገሰግሰውን ጤነኛ ልጅ መንገድ ላይ ጠበቀው… ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

አቶ ፈንታሁን ዝናሽን ወደ ጓሮ ወስደው ነገሯት። ልትጮህ ስትል ፊቷን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩት።

«ልጄ፣ ስለ እግዜር! እናትሽ ይህን ከሰማች ሕክምናም አልፈልግ ትላለች፤ እሷንም ደርበን እንቀብራለን። ታሞ ለተኛ ሰው መርዶ አይነገርም። መድኃኒቷን ትጀምር፤ ከዚያ እኔው እነግራታለሁ።»

«አጎቴ፣ ወንድሜን ሳላለቅስለት? አንቱስ ቢሆኑ ይችሉታል?»

«ይፋግ ሄደሽ አልቅሺለት። እዚህ ግን…» ቃላቸውን አልጨረሱትም፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።

ይሻው ይፋግ ተቀበረ። ዝናሽ ለእናቷ «የሆስፒታሉን ወረቀት ላመጣ ነው» ብላ ሄዳ፣ ወንድሟን አፈር አልብሳ ተመለሰች። ፊቷን አልነጨችም፤ ይታወቃልና። ፀጉሯን አልተላጨችም፤ ይታወቃልና። የአገሩ ሴት ወንድሟ ሲሞት ፀጉሯን በምላጭ ትላጫለች፤ የዝናሽ ሹሩባ ግን እንደተጎነጎነ ራሷ ላይ ቀረ፤ ሸክም ሆነባት። ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ሐዘንተኛ ትለብሳለች። ስትመለስ የአጎቷ ቤት በር ላይ ቆም ትልና ነጠላዋን ታቀናለች፤ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ከዚያ «እንዴት ዋልሽ እማዬ?» ብላ ትገባለች። ከቀብር የተመለሰች ዕለት ብቻ ማቅናቱን ረሳችው። ትዝ ያላት መኻል ቤት ከደረሰች በኋላ ነው። ደግነቱ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር።

ይሻው የት ቀረ ለሚለው ጥያቄ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተማሪዎቹን ሊፈትን ነው፣ ፈቃድ ከልክለውት ነው፣ ሊባል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ ጠየቁ፤ መልሱን ሰሙ፤ «ይቅናው» አሉና ሁለተኛ አላነሡም። ዝናሽም ተመስገን አለች።

በጥር ወር ባሕር ዳር ወረዱ። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሶቹ ደም ስር ፍለጋ የወይዘሮ ጥሩወርቅን እጅ እየወጉ እየወጉ አበለዙት። በመጨረሻ ጸዳለ የምትባል ነርስ አጠገባቸው ተቀምጣ አስረዳቻቸው። «እማማ፣ የእጅዎ ደም ስር ቀጭን ነው፤ ኬሞው ደግሞ ከደም ስር ካመለጠ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፖርት የምትባል ትንሽ ነገር በግራ ደረትዎ በኩል ከቆዳ ሥር እናስቀምጣለን። ከሷ ቀጭን ቱቦ ወደ ትልቁ ደም ስር ይገባል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በሷ በኩል ነው የሚሄድ፤ እጅዎን አንወጋጋውም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰምተው ሲያበቁ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። «አልገባም። ዝናሽ፣ ወደ ገሳይ መልሺኝ።»

«እማዬ፣ ስለ ማርያም! ተራሽ ዛሬ ነው። ዛሬ ካለፈሽ ሌላ ወረፋ ሁለት ወር ነው፤ በሽታው አይጠብቅሽም!»

«ይብቃኝ። ለማን ብዬ ነው?»

ለማን ብዬ! ቃሉ ዝናሽን እንደ እሾህ ወጋት። እናቷ የፈሩ መሰላት። ምን ታድርግ? ወንድሟን ደብቃ፣ ለቅሶዋን ውጣ፣ ሁለት ወር የሮጠችው ለዚች ቀን አልነበረም? «ይሻው ግቢ ቢልሽስ? እሱ ቢልሽ ትገቢያለሽ?» አለች። ከዚያም በኮሪደሩ ጥቂት ራቅ ብላ የሞተውን ወንድሟን ቁጥር ደወለች። ስልኩ ዝግ መሆኑን የሚናገረው የሴት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሲደጋግም፣ ዝናሽ በላዩ ላይ ማውራት ጀመረች።

«ሄሎ፣ ይሻው! … አዎ፣ እዚሁ ናት። … እሺ። … እሺ ወንድሜ፣ እነግራታለሁ። … አንተም አይዞህ…»

ፊቷን ጠራርጋ ተመለሰች። «ግቢ ብሏል። እኔ ስላልደረስኩ እጇን አንቺ ያዥልኝ ብሎኛል።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አልበረደውም?»

«ይፋግ ምን ብርድ አለ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ እገባለሁ» አሉና ተነሡ። እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ ዝናሽ እጃቸውን ይዛ ሄደች።

ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሲወጡ ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ፋሻ ተለጥፎ ነበር፤ ከፋሻው ሥር ጉብ ያለች ነገር ትታያለች። ቁስሉን እንዳያረጥቡ፣ ግራ እጃቸውንም ለጥቂት ቀናት ከፍ እንዳያደርጉ ተነገራቸው። ኬሞው ሰኞ ይጀመራል። ጸዳለ ስትሸኛቸው፣ «ፀጉርዎ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ መርገፍ ይጀምራል፤ ሰው ሲረግፍ እንዳያየው አስቀድሞ በመቀስ ያሳጥረዋል» አለቻቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ የሩቅ አገር ታካሚዎች በሚያርፉበት ግቢ ውስጥ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፀሐይ ላይ ዱካ የሚሏትን በርጩማ አስቀርበው ተቀመጡ። ግራ እጃቸው አይነሣምና ሹሩባቸውን የፈታችላቸው ዝናሽ ናት። መቀሱን ስታነሣ እናቷ ከመቀነታቸው ውስጥ አዲስ ምላጭ አውጥተው ሰጧት።

«በዚህ ላጪኝ። ከሥሩ።»

«እማዬ፣ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል ብላለች እኮ።»

«ለልጅ በመቀስ አይቆረጥም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

መቀሱ ከዝናሽ እጅ ወደቀ። እናቷ ፊት ተንበርክካ፣ «መቼ… መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ የገባሽ ዕለት። ፊቴን ያዞርኩት ካየሁሽ በኋላ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ! ለምን ዝም አልሽ እናቴ? ለምን ብቻሽን?»

«አንቺስ ለምን ብቻሽን?» እንባቸው ያን ጊዜ መጣ፤ ሁለት ወር ታፍኖ የከረመ እንባ። «እኔን አድናለሁ ብለሽ ስትሮጪ ነው በእግርሽ የቆምሽው። እኔ ካለቀስኩ ያ ሩጫ ይቆማል፤ ያኔ ትወድቂብኛለሽ። እኔስ ገሳይ ገብቼ ልሞት ቆርጬ ነበር። በዝግ ስልክ ከወንድምሽ ጋር ስታወሪ አየሁሽና… ይህን ያህል የምትወደኝ ልጅ እያለችኝ እንዴት አልገባም ልበል? በይ ላጪኝ። መድኃኒቱ ወስዶ ከሚያራግፈው ለይሻው ልስጠው።»

ዝናሽ ላጨቻቸው። ምላጩ ባለፈ ቁጥር «ወንድሜን! ወንድሜን!» ትላለች፤ ሽበቱ ጭናቸው ላይ ይወርዳል። ሲያበቃ እሷ መሬት ተቀመጠችና ራሷን ከእናቷ ጉልበት ላይ አስደገፈች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአንዲት ቀኝ እጃቸው፣ ቀስ እያሉ፣ ያንን ከባድ ሹሩባ ከልጃቸው ራስ ላይ አወረዱት።

ባሏን የምታስታምም ብርቱካን የምትባል የእስቴ ሴት ከጎን ክፍል ወጣች። መጀመሪያ ለኬሞው የሚላጩ መስሏት ነበር፤ የልጅቱን ራስ ስታይ ግን ገባት። አንድም ነገር ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ከየክፍሉ አስታማሚው ወጣ፤ መራመድ የሚችለው ሕመምተኛም ወጣ። ይሻውን አንድም ሰው አያውቀውም፤ ሁሉም ግን አለቀሰለት። ሁለት ወር የዘገየው ለቅሶ በባዕድ ግቢ፣ በሰው አገር ተለቀሰ።

ሰኞ ጸዳለ መርፌዋን ፖርቱ ላይ አገጣጥማ፣ «አስቀድመው ተላጩ? ጎበዝ እማማ!» አለች።

«ለልጄ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «መድኃኒቱ ደግሞ ለልጄ ነው።» በቀኝ እጃቸው የዝናሽን እጅ ይዘው ነበር።

ግን ዓመት ሙሉ የተደበቀ በሽታ በአምስት ዙር መድኃኒት ይመለሳል? ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይፋግ ሄደው የልጃቸውን መቃብር ሳሙ። ስድስተኛውን ሳይደርሱበት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ዝናሽ እጃቸውን እንደያዘች አረፉ፤ ቃላቸውም ነበርና ከይሻው ጎን ተቀበሩ። ሰው ለሚወደው ሲል ስንቱን ይሸሽጋል! ዕጣ ግን የተሸሸገበትን ቤት ለይቶ ያውቃል፤ በር አንኳኩቶም አይገባም። ዝናሽ አራት ጣት ያህል ያደገ ፀጉሯን ዳግመኛ ላጨች፤ በምላጭ።

ከቀብር በኋላ ብቻዋን ገሳይ ገባች። ከጉና የሚወርደው ጉም የቤቱን ክዳን ሸፍኖት ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆም አለች፤ ዓይኗን ጠረገች፤ እጇ ነጠላዋን ሊያቀና ተነሣ። ውስጥ ማንም አልነበረም። እጇን መለሰችና ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ገባች።