ሰሚ ያጣ ቃል

የመስቀል ዕለት ጠዋት ትርሲት አንጁሎ እንደ ወትሮዋ ወደ ሰባተኛው ረድፍ ወርዳ የፖም ዛፎቹን ቅርፊት በመዳፏ ዳሰሰች። ዛፎቹ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ነው ያደሩት። ትናንትም፣ አምናም እንደዚያው። ጨንቻ ውስጥ ይህን ሰምቶ የሚገረም ሰው የለም። የዛፍ እንቅልፍ እንደ ውኃ በቧንቧ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ ቧንቧው ከተዘጋ እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

ድሮ፣ ደጋው ደጋ በነበረበት ጊዜ፣ ብርዱ ራሱ ያስተኛቸው ነበር። ፖም በብርድ ሁለት ወር ያህል ካልተኛ በወጉ አያብብም። ብርዱ በአባቷ ዘመን አገሩን ጥሎ ሲሄድ እንቅልፉ ከፋብሪካ መጣ። ሹክታ ይሉታል። ዛፉ በራሱ አካል የሚሠራውን ሆርሞን አስመስሎ የተቀመመ ጠብታ ነው፤ በሥሩ በኩል ይገባና አንድ ነገር ሹክ ይለዋል። አንዱ ጠብታ ተኛ ይለዋል፣ አንዱ ንቃ፣ አንዱ አብብ። ፍሬው ሲበዛ ትንንሹን የሚያራግፍ አለ፤ የተረፈውን አብስሎ የሚያደርስም አለ።

ጠብታውን የሚለቀው ሰሚ የተባለው ማሽን ነው። ሰሚ የሠራተኛውን ንግግር ጆሮው ላይ ከተሰካች ማዳመጫ ይሰማል። ሠራተኛው ፍሬውን አገላብጦ አይቶ «ደረሰ» ካለ፣ ሰሚ የማብሰያውን ጠብታ ወደዚያ ዛፍ ሥር ይልካል። የለቃሚ እጅ ቅርጫትና መቀስ ስለሚይዝ በአፍ ማዘዙ ሥራውን አቅልሎታል። ቢያንስ ያኔ የተባለው እንደዚያ ነበር።

እርሻውን የያዘው ኩባንያ በዓመት ሦስት ምርት ስለሚፈልግ የሁለት ወሩ እንቅልፍ ወደ ዘጠኝ ቀን ወርዷል። ዘጠኝ ቀን ደግሞ ለፖም ማንቀላፋት እንጂ መተኛት አይባልም። አራት ዓመት እንዲህ ሆኖ ቅጠሉ አንሷል፣ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቋል። የጠብታው ኃላፊ ትርሲት ነችና በየወሩ ሥራ አስኪያጁ ደጃፍ እየቆመች ለምናለች። ጋሽ መርዕድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የበላይም የበታችም የሚጨቀጭቀው ሰው ነው እንጂ። ሐምሌ ላይ በመጨረሻ ቃል ገባላት።

«ይቺ የአሁኗ ምርት ሙሉ ለሙሉ ትግባልኝ፤ ከዚያ ስልሳ ቀን አስተኛቸዋለሁ። እናቴን!» አላት።

ለቀማው ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር። ትርሲት ቀኑን እንደ ልጅ በጣቷ እየቆጠረች ነበር የከረመችው።

ብርቅነሽ ከሦስተኛው ረድፍ አየቻትና ቅርጫቷን ከፍ አድርጋ እያውለበለበች «ትርሲትዬ! እንኳን ለመስቀል አደረሰሽ!» ብላ ጮኸች። በልቅሶም በሠርግም ከሁሉም ቀድማ የምትገኝ፣ ድምፀ ጎርናና ለቃሚ ነች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን!» አለች ትርሲት።

ስድሳ ሦስቱ ሠራተኞች ከረድፍ ረድፍ ይቀባበሉት ጀመር። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ከርሞም ያድርሰን። ከእግራቸው ሥር ቧንቧዎቹ ጠቅ ጠቅ አሉ። ትርሲት ውኃ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። እንዲያውም ለበዓሉ ብለው ዛሬስ ደህና ውኃ ለቀቁልን ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽታው መጣ። የበሰለ ፖም ሽታ፣ ያውም ከልክ ያለፈ። ትርሲት ቀና ስትል ጠዋት አረንጓዴ የነበረው ፍሬ በሙሉ ቀልቷል። አንዱ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ እርሻው በሙሉ ይረግፍ ጀመር፤ ዱብ ዱብ ሲል ሰው እንኳ ለጊዜው ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። አንዱን አንስታ ብትጨምቀው በእጇ ውስጥ ፈረሰ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ የገባት የራሷ ጥፋት ስለሆነ ነው። ሰሚ «ደረሰ» የሚለውን ቃል ከሰማ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው፤ አደረሰ፣ ደረሰ፣ ለእሱ አንድ ናቸው። ቀድሞ በዓል በመጣ ቁጥር ይህ የታወቀ ቀልድ ነበር። ሰው መልካም ምኞቱን ሲለዋወጥ ሰሚ መሃል ይገባና «ፍሬው ደርሷል? እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ሁሉም ይስቃል። «እኛ ነን የደረስነው!» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ግን ትርሲት ያንን «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን ጥያቄ አጠፋችው። አሰልቺ ሆኖባት ነው። የሰው ልጅ በቀን አራት መቶ ጊዜ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ጋሽ መርዕድ ከቢሮው ሲመጣ ሮጦ አልመጣም። በወደቁት ፍሬዎች መሃል ቆሞ ዙሪያውን ቃኘና የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ጥያቄውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ትርሲት።

«አውቃለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንብቤ መሰለሽ?»

«ምን ይሻላል?»

«ከተማው ፖሙን ይፈልጋል። ሲነጋ የኩባንያው አለቆች ይደውላሉ፤ የሚሉትን አሁን ልነግርሽ እችላለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ‘ንቁ’ በያቸውና ቶሎ ያብቡ። ጎደሎውን እንሞላለን።»

«ስልሳ ቀኑስ?»

«ሙሉ ለሙሉ ትግባ ነበር ያልኩሽ።»

«ጋሽ መርዕድ፣ ሳይተኙ ‘ንቁ’ ከተባሉ እኮ ይሞታሉ። አያብቡም፤ ይደርቃሉ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» አለና ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። ዓይኑ ቀልቷል። «በያቸው፤ በእኔ ይሁን።»

ለእርሻው በሙሉ የሚሰጥ ትእዛዝ በትርሲት ድምፅ ካልሆነ አይሠራም። ማዳመጫዋን ነካ አደረገች። ሰሚ «ለእርሻው በሙሉ፤ ትእዛዝዎን እጠብቃለሁ» አላት። ትርሲት ዛፎቹን አየች። ተቆጥታ እምቢ ማለት አማራት፤ ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል። አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል «ንቁ» አልነበረም።

«ደከመኝ» አለች።

ሰሚ በሁለቱም ማዳመጫ መለሰ። «ይህ ቃል ትርጉም የለውም። ትርጉም ይሰጠው?»

ሁለቱም ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምተውት አያውቁም፤ ለካ ትእዛዝ በሚጠብቅበት ሰዓት ካልሆነ የማያውቀውን ቃል አይጠይቅም።

ጋሽ መርዕድ የራሱን ማዳመጫ ነካ አድርጎ «እስከ ዛሬ ሰምተኸው አታውቅም?» አለው።

«ሰምቻለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ጊዜ ተነግሯል። በዚህ እርሻ ከማንኛውም ቃል በላይ የተነገረው እሱ ነው። የሚስማማው ጠብታ ስላልነበረ ትርጉም ከሌላቸው ድምፆች ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ከሳልና ከማስነጠስ ጋር።»

መርዕድ ሳቅ አለ። «ማን ነው ደግሞ አብዝቶ የሚለው? ብርቅነሽ መሆን አለባት።»

«እርስዎ ነዎት» አለ ሰሚ።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «እኔ? እኔ ለማንም ደከመኝ ብዬ አላውቅም። ሚስቴ እንኳ ‘ብረት ነህ’ ነው የምትለኝ።»

«ለማንም አላሉም። ደረጃ ሲወጡ ይላሉ። ጫማዎን ሲያስሩ ይላሉ። ትናንት ከስልክ በኋላ ሦስት ጊዜ ብለዋል።»

ትርሲት አዘነችለት። ለአራት ዓመት የለመነችው፣ የፈራችው፣ አንዳንዴም በልቧ የረገመችው ሰው ቢሮው ውስጥ ብቻውን ለማሽን ሲናገር ኖሯል። እሷም እንደዚያው። ስድሳ ሦስቱም እንደዚያው። ሁሉም ጆሮው ላይ የተሰካ ጆሮ ነበረው፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚል ግን የሰማ የለም።

መርዕድ ከሣጥኑ ተነሣ። ለቃላት ትርጉም የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው፤ የሥራ አስኪያጅ መብት ነው። እስከ ዛሬ ግን ተጠቅሞበት አያውቅም።

«ትርጉም ይሰጠው» አለ። «ትርጉሙ ‘ተኛ’ ነው። ማንም ሰው ሲለው፣ አጠገቡ ላለው ዛፍ።»

«ለስንት ቀን?»

«ስልሳ።»

«ነገ ምን ሊሏቸው ነው?» አለች ትርሲት በሹክሹክታ።

«ተኝተዋል እላቸዋለሁ። የስልሳ ቀን ጠብታ የጠጣን ዛፍ ቀኑ ሳይሞላ መቀስቀስ እንደማይቻል እነሱም ያውቃሉ። ከዚያ እኔን ያባርሩኝ፤ ቢያንስ እተኛለሁ።»

ሰሚ አልጨረሰም ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ቃሉ ሲነገር የሚተኛው ዛፉ ብቻ ነው ወይስ የተናገረው ሰውም?»

መርዕድ ትርሲትን አያት፤ እሷም ወደ ታች አየች። መልሱ ቀላል ነበር፤ ለሰው የተዘረጋ ቧንቧ የለም። ቢሆንም ለመናገር ከበደው።

«ዛፉ ብቻ» አለ። ቆይቶ «ለጊዜው» ሲል ጨመረበት።

«ለጊዜው ማለት ስንት ቀን ነው?»

መርዕድ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ፍሬ ያነሣ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የወደቀውን ፍሬ ለመልቀም ጎንበስ አሉ፤ ለጭማቂ የሚሆን ከተገኘ ተብሎ። ብርቅነሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትለቅም ቆይታ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ኧረ ደከመኝ!» አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከእግሯ ሥር ቧንቧው ጠቅ አለ። ከፊቷ ያለው ዛፍ የእሷን እንቅልፍ ተኛላት። እሷም ቅርጫቷን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ መልቀሟን ቀጠለች።