ስሟ ብቻ የተቀጠረ

«አምስት ኮፒ! ቶሎ ካደረስሽልኝ ደግሞ አላህ ይስጥሽ።»

ሳብሪና ቀና ብላ አየችው። ረዘም ያለ፣ ዓይኑ ሳይስቅ የሚስቅ የሚመስል ልጅ ነው። ልቧ ትንሽ ደንገጥ አለ። ደንበኛ ግን ደንበኛ ነውና ወረቀቱን ተቀበለችው። ማሽኑ ላይ ልታስተኛው ስትል ዓይኗ ርዕሱ ላይ አረፈ።

«በፋብሪካው በሥራ ላይ የሚገኙ አካል ጉዳተኞች ዝርዝር።»

ስድስት ስም አለ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሳብሪና ሐሰን። የግራ እግር ጉዳት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። በሥራ ላይ ያለች።»

ክው አለች!

ይህ ጭሮ ውስጥ ነው፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ሳብሪና እዚያ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሦስት ዓመቷ ፖሊዮ ግራ እግሯን አልምሾታል፤ የምትሄደው በክራንች ነው። ዲፕሎማዋን በማዕረግ ይዛ ነበር ከተማው ዳር ያለው የዱቄት ፋብሪካ ያመለከተችው። ፈተናውን አለፈች። «እንደውልልሻለን» አሏት። አልደወሉም።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለች፤ ወረቀቱን ወደ እሱ አዙራ።

«እኔ። የፋብሪካው የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። አክረም እባላለሁ። ስህተት አለው እንዴ?»

«ሦስተኛዋን ታውቃታለህ?»

«በአካል እንኳ አላውቃትም። ሚኤሶ መጋዘናችን ነው የተመደበችው። ጎበዝ ናት ይላሉ።»

«ጎበዝ ናት... ይላሉ?»

ክራንቿን ይዛ ተነሳች። መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በመስኮቱ ሰጠችው።

«አንብበው!»

አነበበ። ክራንቿን አየ። ደግሞ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ...» አለ።

ሳብሪና ያኔ ነው ሌላው የገባት። አምና ሁለት መሥሪያ ቤት አመልክታ፣ ሁለቱም «መዝገቡ ላይ አንቺ እኮ ሥራ ላይ ነሽ፤ ለሌላው ተይለት» ብለው መልሰዋት ነበር። የጸሐፊ ስህተት መስሏት አልቅሳ ትታው ነበር። ለካ ስሟ ቀድሟት ተቀጥሯል! እሷ ደጅ ስትጠና ስሟ ሥራ ይገባ ነበር!

አክረም ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ፋብሪካው መሬቱን ሲወስድ የአካል ጉዳተኞችን ኮታ አሟላለሁ ብሎ ፈርሟል። በየሦስት ወሩ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ዝርዝር እንልካለን። ሥራ አስኪያጁ አቶ በለጠ፣ ሁሉም ሚኤሶ ናቸው ነው ያሉኝ። አመንኳቸው።»

«ሄደህ አላየህም?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሄደን እንየው!»

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ተገናኙ። ሚኒባሱ ላይ ልትወጣ ስትል አክረም ብብቷ ሥር ገብቶ ሊያነሳት እጁን ሰደደ።

«ተው! መጀመሪያ ጠይቀኝ።»

«እሺ... ልርዳሽ?»

«አያስፈልገኝም።»

ሰውየው እንደ ተማሪ ሲያፍር አይታ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ወሬያቸው አላለቀም። እሱ የአባቱን ሞት፣ ታናናሾቹን ማስተማሩን ነገራት። እሷ ሕፃናት «አንካሳ» እያሉ ሲከተሏት፣ ዞር ብላ በክራንቿ እግራቸውን ትሸነቁጥ እንደነበር ነገረችው። ስለ እግሯ አንድም ጊዜ «አላህ ያሽርሽ» አላላትም። ይህን ልብ አለች።

ሚኤሶ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበላቸው። መጋዘኑን ከባቡሩ ሐዲድ ባሻገር አገኙት። ዘበኛው ጋሽ ገብሬ በሩን ከፈቱላቸው።

«ሠራተኞቹ የት ናቸው?» አለ አክረም።

«የምን ሠራተኛ?»

«መዝገብ ቤት... ማሸጊያ... ስድስት ሰዎች።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ ያለነው እኔና ድመቷ ነን! ድመቷም ዱቄት ሲጠፋ ጥላኝ ልትሄድ ነው።»

መጋዘኑ ባዶ ነበር። አክረም የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሳብሪና ስትናደድ ውላ፣ አሁን አሳዘናት። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ሌሎቹንም እንፈልጋቸው» አለችው። «ሁለተኛዋ ፈርዶሳ ትባላለች፤ አድራሻዋ በደሳ ከተማ ነው ይላል። እንሂድ?»

አክረም ዓይኑን ከእሷ መለሰ። «በደሳ ይቅርብን ሳብሪና። መንገዱ ያደክምሻል።»

«እኔን አታስብ! ለራስህ ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ።»

«እሺ፣ እንሄዳለን» አለና ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በደሳ ወረዱ። ገበያ ነበር። ሰው እየጠየቁ፣ እንደ ባለፈው ሳምንት መንገድ ሁሉ እየተሳሳቁ ሄዱ። አንድ ዳገት ላይ ስትደክም እጇን ራሷ ዘረጋችለት። አንዴ ከያዘ በኋላ ዳገቱ አልቆም አልለቀቃትም።

የፈርዶሳ እናት አዴ ሀሊማ ደጃቸው ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኟቸው። ገና አክረምን ሲያዩ ሰፌዳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ዱፌ! መጣ! አልሐምዱሊላህ! ፈርዶሳ!» እያሉ ወደ ቤት እጃቸውን አወናጨፉ።

ከቤት አንዲት ቀጭን ልጅ ብቅ አለች። አክረምን አይታ በደስታ አጨበጨበች። መስማትም መናገርም አትችልም። በጣቷ «ቆይ» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

«ይተዋወቃሉ እንዴ?» አለች ሳብሪና፤ ግራ ገብቷት።

«እንዴት አይተዋወቁ!» አሉ አዴ ሀሊማ። «ሁለት ዓመት ሆነው። ሥራ ልናስገባት ነው ብሎ ፎርሙን ያስሞላት፣ የመታወቂያዋን ኮፒ የወሰደ እሱ አይደል? ከሴፍቲኔት ድጎማውም ሥራ አላት ተብላ ተሰረዘች። ግዴለም፣ ይመጣል ስላት ነበር። ይኸው መጣ!»

ሳብሪና ወደ አክረም ዞረች። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ያን ጊዜ ፈርዶሳ ወጣች። ማጠፊያው ያልጠፋ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ትንሽ ቦርሳ በእጇ አንጠልጥላለች። ጫማዋ እንኳ ተወልውሏል። አክረም ፊት ቆማ «እንሂድ» በሚል ወደ መንገዱ ጠቆመች!

ሳብሪና የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ታውቃት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «አንተ ነህ ከቤታቸው ሄደህ የሰበሰብካቸው!»

«ሳብሪና፣ ስሚኝ። እውነት የሚቀጠሩ መስሎኝ ነው። ወላሂ! ሚኤሶ ላይ ልነግርሽ ነበር። ብትጠዪኝስ ብዬ... ፈራሁ።»

«ስለዚህ ዝም ብለህ እጄን ያዝክ?»

ሥራው የውሸት እንደሆነ ለፈርዶሳ በእጅ ምልክት ያስረዷት እናቷ ናቸው። ልጅቱ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከቦርሳው አጠገብ ተቀመጠች፤ ቀሚሱንም አላወለቀችም። ሳብሪና ያን እያየች ቆማ አለቀሰች። ወደ ጭሮ ሲመለሱ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

ሦስት ሳምንት ደወለ። ሦስት ሳምንት አላነሳችም።

በአራተኛው ሳምንት ግን የሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ ለምስክርነት ጠራት። መኮንን የሚባል ባለሙያ አራት ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፊቷ ዘረጋ።

«ጠቋሚው የጻፈው ነው። አንብቢው።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። መጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከሁሉ በፊት ጥፋተኛው እኔ አክረም ነኝ። የሳብሪናን ስም ከማመልከቻዋ ገልብጬ፣ ሌሎቹን ከቤታቸው ሄጄ አስፈርሜ፣ ሥራ መግባታቸውን ሳላይ ሪፖርት አድርጌያለሁ።» ከዚያ የስድስቱ ታሪክ ይቀጥላል። መቻራ ድረስ ብቻውን ሄዷል። አራተኛው ሰው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ዛሬም «በሥራ ላይ ያለ» ነው።

ሳብሪና አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱስ? አሁን የት ነው?»

«ይህን ባስገባ በማግስቱ ከሥራ አባረሩት። መቻራ አጎቱ ጋር ቡና እየሰበሰበ ነው አሉ።»

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ እንደቆመች ደወለችለት።

«ይህን ሁሉ ስታደርግ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይቅር እንድትዪኝ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ ብዬ።»

ክራንቿን አስደግፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አክረም...»

«አቤት።»

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ዓርብ ና።»

ምርመራው ወራት ፈጀ። አቶ በለጠ ከኃላፊነታቸው ተነስተው በሕግ ተጠየቁ። የፈርዶሳ ስም ወደ ሴፍቲኔቱ መዝገብ ተመለሰ። በአቶ በለጠ ቦታ የተተኩት ሴት፣ ወይዘሮ የምሥራች፣ ሳብሪናን ቢሯቸው ድረስ አስጠሯት።

«በስምሽ የተያዘው ሥራ ያንቺ ነው። ትገቢያለሽ?»

«ፈርዶሳና ሌሎቹም ከገቡ እገባለሁ። በሕይወት ያሉት ሁሉ።»

«ይገባሉ።»

«መዝገብ ቤቱ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። «አንቺ ከምትወጪ እሱ ይውረድ!» አሉ። በሳምንቱ መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ወረደ። ፈርዶሳም ማሸጊያ ክፍል ገባች፤ አብረዋት የሚሠሩት ልጆች የእጅ ቋንቋዋን ለመልመድ ወር አልፈጀባቸውም።

አክረም በየዓርቡ ከመቻራ አቧራ ለብሶ ይመጣ ነበር። ለስድስት ወር አንድም ዓርብ አልቀረም። አንድ ዓርብ ሳብሪና ራሷ «ሽማግሌ ላክ» አለችው።

የሳብሪና አባት አቶ ሐሰን የጫት ነጋዴ ናቸው፤ ቁጡ ሰው። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አክረምም ደንቡን ጥሶ ተከትሏቸው ገባ። ሳብሪና ከጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት አባቷ።

«ከአጎቴ ጋር ቡና እሰበስባለሁ። ቋሚ ሥራ ግን የለኝም።»

«ልጄ ቋሚ ሥራ አላት!»

«አዎ። ያን ሥራ ሁለት ዓመት ያዘገየሁባትም እኔ ነኝ። ልጅዎን ሳላያት፣ ሥራ ላይ ናት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የገባሁት።»

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። «ምነው ልጄ!» አሉ አንደኛው፤ እጃቸውን በእጃቸው እየመቱ። ሳብሪና የጓዳውን በር ጨብጣ ያዘች። አለቀ፣ አለች በልቧ።

አቶ ሐሰን ፊታቸውን ወደ አክረም መለሱ።

«እዚህ ቤት ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ነበር» አሉ። «ሦስቱም የጠየቁኝ የልጄን እግር ነው። ትወልዳለች ወይ? ውኃ ትቀዳለች ወይ? የልጄን ጉድለት ትቶ የራሱን ይዞ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ወደ ጓዳው ዞሩ። «ሳብሪና! ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ አባዬ።»

«ይህን ሰው ከነጥፋቱ ትፈልጊዋለሽ?»

ክራንቿን ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ አያት። እሷ ግን የምታየው እሱን ብቻ ነበር።

«እፈልገዋለሁ» አለች።

ከረመዳን በኋላ፣ በሸዋል ወር፣ ኒካሓቸው ታሰረ።