«ተወስዷል» የሚለው ቁልፍ

ፊልሙ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ የዱረቲ ስልክ ጮኸ። ማታ ሁለት ሰዓት፤ አፑ የአባቷን ኪኒን እያስታወሳት ነው።

«ኧረ አጥፊው በናትሽ! ምን እንዳለ አልሰማሁም!» አለች ጓደኛዋ አሜን።

ዱረቲ «ተወስዷል» የሚለውን ነካችው። አረንጓዴ ምልክት ወጣ፤ ድምፁ ጠፋ። ፊልሙ ሲያልቅ ሄዳ ልትሰጠው ነበር። የአሜን ቤትና የእነሱ ቤት አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። ስትመለስ ግን አባቷ ገለታ ተኝቷል። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘርግታ ተወችው። አንድ ቀን ምን ያመጣል?

ጠዋት፣ «ኢንተላ ኮ፣ የማታውን ሰጥተሽኛል እንዴ?» አላት። «ልጄ» ሲላት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

«ሰጥቼሃለሁ። በእንቅልፍ ልብህ ነው የዋጥከው።»

«ጭራሽ መርሳትም ጀመርኩ!» ብሎ ሳቀ።

ውሸቱ በቀላሉ አለፈ። ቀላል ስለነበረም ደጋገመችው።

ገለታ አናጢ ነበር። ስኳር ዓይኑንም ኩላሊቱንም ጎድቶበት ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። አምና አዲስ አበባ ሄዶ የእህቱ የቦንቱ አንድ ኩላሊት ተተከለለት። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው ኪኒኑን ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። ዓይኑ ኪኒኖቹን አይለይለትም፤ የዱረቲ እናትም በሕይወት የለችም። ስለዚህ አፑ የተጫነው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ዱረቲ ስልክ ላይ ነው። እሷ የምትነካውን እያንዳንዱን ምልክት አዲስ አበባ ያለችው ነርስ ሲስተር ዝማሬ ታየዋለች።

የወሩ የደም ምርመራ ውጤት ሲደርስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሲስተር ዝማሬ ደወለች።

«ዱረቲ፣ ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት በጣም ወርዷል። ኩላሊቱም እየደከመ ነው። አንቺ ደግሞ አንድም ቀን አላሳለፍሽም፤ ጎበዝ ነሽ። ዶክተሩ መጠኑ አንሶት ይሆናል ብለው ሊጨምሩለት ነው። ሰኞ እደውልልሻለሁ።»

ጎበዝ ነሽ። የዱረቲ ፊት ጋለ። «እሺ» ብቻ አለች።

ቦንቱ ወሬውን ሰምታ ከሰፈሯ ከበከኒሳ ቀሴ እየተጣደፈች መጣች። ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ ኩላሊቷ የወጣበትን ጎኗን ዳበሰች።

«ገለታ፣ ይቅር በለኝ። ምናልባት የእኔ ኩላሊት ይሆናል ደህና ያልነበረው።»

«ምን ነካሽ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ከልጅቷ እጅ ተቀብዬ የዋጥኩትን እንኳ አላስታውስም። ጭንቅላቴም አብሮ ሳይታመም አልቀረም።»

ዱረቲ ይህን የሰማችው ሻይ ይዛላቸው ስትገባ ነው። ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ሮጠች። ኪኒኖቹን አልጋዋ ላይ ዘርግፋ ቆጠረች። አራት ወይ አምስት ማታ መስሏት ነበር። የዘጠኝ ማታ ኪኒን ተርፏል።

ሽንት ቤት ብትጥላቸው ማንም አያውቅም። ከዛሬ ጀምራ በትክክል ብትሰጠውስ? ግን መጠኑ ሊጨመር ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛም ኩላሊቱን እንደሚጎዳ ሲስተር ዝማሬ ራሷ አስተምራታለች።

በጓሮ በር ወጥታ ደወለች። እዚህ ሆና ብትናገር አባቷም «አዳዳ» የምትላት አክስቷም አይሰሙም።

«ሄሎ፣ ዱረቲ?»

ከውስጥ የቦንቱ ለቅሶ ይሰማል።

«ሲስተር፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች። ሁለቱ ፊት ቆማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

«ዘጠኝ ማታ ኪኒኑን አልሰጠሁትም። ‹ተወስዷል› እያልኩ የምነካው እነአሜን ቤት ፊልም እያየሁ ነው። አባ ምንም አልረሳም። የአዳዳ ቦንቱ ኩላሊትም ጥፋት የለበትም።»

ሲስተር ዝማሬ፣ «ሰኞን አንጠብቅም። ለዶክተሩ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ፤ መልሼ እስክደውል ምንም እንዳትጨምሩለት» ብላ ዘጋች።

ቦንቱ አፏን በእጇ ይዛለች። ገለታ የደከመ ዓይኑን ወደ ዱረቲ ድምፅ አቀና።

«በእንቅልፍ ልብህ ዋጥከው ያልሽኝስ?»

ወለሉን ማየት ፈልጋ ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ዋሽቼህ ነው፣ አባ።»