የአንኮበር ባቄላ በደነባ

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሰው የሚዋደደው በዓይን ነው፤ ወለተሐና ግን በጥርስ ጀመረች። የደነባዋ ልጅ ከአንድ የአንኮበር ጎበዝ ስልቻ ባቄላ አንስታ ቆረጠመች።

«ጠጣር ነው» አለችው።

«ለዘር እንጂ ለቆሎ አላመጣሁትም» አላት ወልደአረጋይ። ቀና ስትል ዓይናቸው ተጋጨ። አባቷ ዘርአ ዳዊት ዘር ሊለዋወጡ ነበርና የመጡት፣ ልቡ የጠፋው ጎረምሳ ከልክ በላይ ሰፈረላቸው።

ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አባቷ ቁጡ ቢሆኑም ጨዋ ናቸው።

«ባቄላዬ የአንኮበርን ጉም አይችልም፤ ልጄም አትችልም። ዘር የሚኖረው በሚስማማው አገር ነው። ዘሬን ወስደህ ዝራ፤ ካፈራልህ ልጄንም ውሰድ» አሉት።

ወልደአረጋይ እየዘለለ ሄደ። ወለተሐናም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ካመጣው ባቄላ አንድ እፍኝ ወስዳ፣ የደነባ ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን እንዳያበሰብስባት ጓሮ ከፍ ያለ መደብ አበጅታ ዘራችው። አባቷ ሳቁባት። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ በየማለዳው እየሮጠች ታየው ነበር፤ አበባ ሲያወጣ ደስታዋ እንቅልፍ ነሳት።

አንኮበር ላይ ግን ጉሙ አልነሣ አለ። የደነባው ባቄላ ቅጠሉ ጠቆረ፣ አበባው ረገፈ። ጓደኞቹ ከጎረቤት ማሳ ደህና ባቄላ ነቅሎ እንዲሄድ መከሩት። ወልደአረጋይ ግን ዋሽቶ ሊያገባት አልፈለገም።

በጥቅምት የጠወለገውን አገዳ ተሸክሞ መጣና ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠው።

«አልኩ አላልኩም?» አሉ ዘርአ ዳዊት። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አፍ አትከፍትም። ወለተሐና ከፈተች። «አባዬ፣ የእኛ እዚያ አላፈራም። የእነሱ እዚህ አፍርቷል። ዘር በሚስማማው አገር ይኖራል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሁሉም ተነሥተው ጓሮ ገቡ። ባቄላው ከታች እስከ ላይ ፍሬውን ተሸክሟል። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ወደ ልጁ ዞሩ። ወንድ ልጅ የአባቱን ርስት ትቶ ሚስቱ አገር ገባ ከተባለ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ወለተሐና ምን እንደ ጠየቀችው ያን ጊዜ ገባት። ወልደአረጋይ ትክ ብሎ አያት።

«ይሳቁብኝ» አለ። «አንቺን አጥቼ ከምከበር እየተሳቀብኝ ካንቺ ጋር መኖር ይሻለኛል።»

ዘርአ ዳዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠርጉ ከአጨዳ በኋላ ነው» አሉ። «እስከዚያ ማጭድህን ይዘህ ና።»

ሽማግሌ ያላሳፈራት ልጅ አሁን አፈረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ሳቋ ግን እደጅ ድረስ ተሰማ።