ግድግዳውን በጀርባው ይዞ የሄደው መምህር

ጸጋ መምህሯን የወደደችው «አላውቅም» ያለ ዕለት ነው። ሌላዋ ዓይን አይታ ትወዳለች፣ ቁመት አይታ ትወዳለች፤ እሷ እንዲህ ናት፣ ምን ይደረግ!

ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ነው። ሲሞን የካ ውስጥ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዝኛ በነጻ ያስተምር ነበር። ጸጋ ሾላ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ትውልና እዚያ ትመጣለች። እሷ የተቀመጠችበት ወንበር አካባቢ ሰው ሁሉ ያነጥሳል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰበርባናይዝ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ሲሞን። አስተማሪ እንዲህ የሚለው ማሰቢያ ጊዜ ሲያጣ ነው። «ከከተማ ወጣ ያለውን ገጠር የከተማ ዳርቻ መኖሪያ ማድረግ ማለት ነው። ጋራው ሰበርባናይዝ ተደረገ፣ እንላለን።»

«ማን አደረገው?»

«እ?»

«የእኛ ቤት ጋራው ላይ፣ አስፋልቱ ካለቀበት በላይ ነው። አባቴ ድንች ይተክላል። ከታች ያለው ሰፈር ግን በየዓመቱ እየተጠጋን ነው። ማን ነው እንዲህ የሚያደርገን?»

ሲሞን ጠመኔውን አስቀመጠ። «እሱን... አላውቅም» አላት። ልቧ ያኔ ሄደ።

በሳምንቱ «ሄደን እንየው» ብሎ ተማሪዎቹን ሁሉ ይዞ ጋራውን ወጣ። ክራባት አስሯል፣ ጃንጥላ ይዟል። ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመና ድንጋይ አስለቅሞ በመስመር አስደረደራቸው።

«ከድንጋዩ በታች ከተማ፣ ከድንጋዩ በላይ ገጠር። አሁን ድንጋዩን ወደ ላይ እንግፋው... አያችሁ? ሰበርባናይዝ ማለት ይኼ ነው» እያለ በጃንጥላው ያመለክታል።

የጸጋ አባት አቶ ዋቅቶላ ድንቻቸውን ሲኮተኩቱ ቀና አሉ። ክራባት፣ ጃንጥላ፣ ድንጋይ። በዚያ ዘመን ክራባት ያሰረ ሰው ጋራ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ካስደረደረ ነገሩ አንድ ነው፤ መሬት ሊወሰድ ነው። ሰፈሩ ደግሞ አጥብቆ የሚያምነው ነገር አለ፤ ባዶ መሬት እንዲሁ ይሄዳል፣ ቤት ያለበት ግን ምትክ ያሰጣል። አቶ ዋቅቶላ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ። ሳምንት ሳይሞላ ድንቹ መሀል ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ቆመች።

«ያን ትልቅ ሰው ታውቂዋለሽ አሉ። ምሳ ጥሪልኝ» አሏት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ...» ብላ ጀመረች። ግን አባቷ ዘወትር የሚሏት ትዝ አላት፤ «ቤት የሌለው ሰው የኔን ልጅ አያገባም!» ሲሞን ደግሞ የሰው ቤት ተከራይ ነው። አፏን ያዘች።

ሲሞን መጣ። በግ ታረደለት፣ ከላይ አስቀመጡት። ምን አድርጌ ነው እያለ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ከምሳ በፊት አቶ ዋቅቶላ ወደ ጭቃዋ ቤት ወሰዱት።

«ይቺን ቤት ይመልከቱልኝ፣ ጌታዬ። አያቴ የሠሯት ናት።»

ሲሞን «ታምራለች» ብሎ ደገፍ አለ። ሲነሳ ግድግዳው አብሮት ተነሳ። ጸጋ ጭቃውን ጀርባው ላይ አይታ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ባሕር ዛፉ ዞረች።

ማዕዱ ሲቀርብ አቶ ዋቅቶላ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ የዚህን እንግዳ እጅ ባርክ። ሜትሩንም አስረዝምልን። አሜን።»

«አሜን... የምን ሜትር?» አለ ሲሞን።

«የሚለኩበት ነዋ!»

«አባቴ፣ እኔ እኮ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ።»

አቶ ዋቅቶላ ያነሱትን ጉርሻ መለሱ።

«ድንጋዩስ?»

«ለአንድ ቃል ማስረጃ ነው።»

«በአንድ ቃል ቤት አሠራኸኝ?» አሉ አቶ ዋቅቶላ። እርስዎነቱ እዚያው ቀረ፤ ሥጋውም ከፊቱ ተነሳ።

ጸጋ በሩ ድረስ ተከተለችው።

«አውቀሽ ነበር?» አላት።

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መሳቂያ አደረግሽኝ?»

«አባዬ ሲወድህ አየሁና... ትንሽ እንዲቆይ ፈልጌ ነው።»

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ሲሞን ቆም ብሎ አያት፣ ከዚያ ጭቃውን እንደተሸከመ ቁልቁል ወረደ። ጸጋ አለቀሰች። ቅዳሜ ሲመጣም ትምህርት አልሄደችም፤ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

አንድ እሑድ ግን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ፓስተርና የነጸጋ ጎረቤት አቶ ኤጀታ ሽማግሌ ሆነው መጡ። ሲሞን ነው የላካቸው። ጸጋ ጓዳ ሆና በበሩ ስንጥቅ ታያለች።

«ልጁ ቤት አለው?» አሉ አባቷ። ፓስተሩ ጣራ ጣራውን አየ።

እናቷ ወይዘሮ አሳየች ብቅ አሉ። «አለው እንጂ።»

«የት?»

«ድንቹ መሀል። ልጁ ድንጋይ ባይደረድር አንተ ትሠራው ነበር? በሱ ሰበብ የቆመ ቤት የሱ ካልሆነ የማን ነው? ድንች እንደሆነ ጣራ አይፈልግ።»

አቶ ዋቅቶላ አቀረቀሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጸጋ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ። «ግድግዳዬን በጀርባው ይዞብኝ ሄዷል። መጥቶ ይመልስ።»

በነጋታው ሲሞን ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃና ጭድ ሲረግጥ ዋለ። ጸጋ ውኃ ታፈስስለታለች።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን አሁን አወቅኩት» አላት።

«ማን ነው የሚያደርገን?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ... ይኸው መጣሁባችሁ።»

«እንኳን መጣህ» አለችውና ጭቃ በተቀባ እጇ አፍንጫውን ነካችው።

በመስከረም ተጋቡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ክራባት ያሰረ ሰው ጋራውን ወጥቶ ድንጋይ ማስደርደር ጀመረ። ያኛው የእውነት ለኪ ነበር። አቶ ዋቅቶላ ግን ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ ልጃቸውን ተጣሩ።

«ጸጋ! ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር መጥቷል። የምድራት ልጅ አልቀረኝም በይው።»