አርባ አንድ አድራሻዎች

«ቀጣይ!»

ሰውዬው ፓስፖርቱን በመስታወቱ ሥር ለምዝገባ ቢሮዋ ጸሐፊ አሾለከላት። የተላጨ አገጭ፣ የደከመ ፈገግታ። የምታውቀው «አጎት» በሚል ስም ብቻ ነው። እሱም የሚጠራት «መርፌ» እያለ ነው።

መርፌ ማህተም የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች። ጥፍር የምታህል ፍላሽ ከእጅጌዋ አውጥታ በፓስፖርቱ ሽፋን ውስጥ ወሸቀች።

«ቆይ እስቲ።»

የቢሮው ተቆጣጣሪ ነው። ከጀርባዋ ቆሟል።



«የዚህ ፓስፖርት አገር ዜጎች ተራ ነገ አይደለም እንዴ?»

«እሱን ልነግራቸው ነው» አለች ፓስፖርቱን ዘግታ እየመለሰችለት። «ጌታዬ፣ ነገ ይመለሱ። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል።»

አጎት ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ተቆጣጣሪው አዛግቶ አለፈ። 

ሕጉ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ስማቸው ከተዘረዘረ አገሮች የመጣ ሁሉ፣ ለጉብኝትም ይሁን ለሥራ፣ አድራሻውን ያስመዘግባል፤ አሥር ጣቱን ቀለም ይነክራል፤ ቢጫ ካርድ ይዞ ይወጣል። ያልቀረበ ይባረራል። መርፌም ከነዚያ አገሮች የአንዱ ልጅ ናት። እዚህ ግን በሐሰት ወረቀት ጸሐፊ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገሯን ቋንቋ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሥራዋ የአገሯን ልጆች አድራሻ እየቀዳች ለአጎት ማቀበል ነው። «ሊታሰሩ ነው፤ ቀድመን እናወጣቸዋለን» ብሏታል። አምናዋለች። የዛሬው ፍላሽ አርባ አንድ አድራሻ ይዟል።

ከምሳ በፊት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መስኮቱ ጋ ቆመች።

«እህቴ፣ ባሌን ከመዝገቡ ፈልጊልኝ» አለች በተሰባበረ አነጋገር። «እዚህ በተመዘገበ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። ባገራችን ቋንቋ ነው ያናገሩት። ‹እናወጣሃለን› ብለው ወሰዱት።»

«ታዲያ ወጥቶ ይሆናላ።»

«ምን ይወጣል! ትናንት አገር ቤት በካቴና አስረው ወህኒ ሲያስገቡት እህቱ አየችው። መንግሥትን በጋዜጣ ተችቶ የሸሸ ሰው ነው።»

መርፌ ሴትየዋ ባቀበለቻት የባሏ ቢጫ ካርድ ላይ ያለውን ስም አየች። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ሰባተኛ አድርጋ የጻፈችው እሷው ናት።

ከአጎት ጋር የተስማሙበት የአደጋ ምልክት የመስኮቱን መጋረጃ እስከ ግማሽ ማውረድ ነው። አወረደችው። በምሳ ሰዓት አጎት ማዶ ባለው ፎቶ ቤት ጠበቃት።

«ዝርዝሩ ስህተት አለው። መልስልኝ፣ ላስተካክለው።»

«ማን አናገረሽ?»

«ማንም።»

«ልጄ፣ መዋሸት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ ክራቫቱን በመስታወት እያስተካከለ። «ሰዎቻችን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በየቤቱ ይሄዳሉ። አንቺ ወደ መስኮትሽ ተመለሺ። እናትሽንም አስቢያቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።»

አምስት ሰዓት ቀርቷታል።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስልኩን አነሳች።

«ከምዝገባ ቢሮ ነው። አሻራዎ ደብዝዟል። ዛሬ አሥር ሰዓት ከመላው ቤተሰብዎ ጋር ይቅረቡ። የቀረ ይባረራል።»

አርባ አንድ ጊዜ ደወለች። አንዱ ለመናት። አንዷ ረገመቻት።

«ምነው ዛሬ፣ ሹመት ሸተተሽ?» አለቻት ጎኗ ያለችው ጸሐፊ።

 ሦስት ሰዎች ስልክ አላነሱም። ደግማ ሞከረች።

አላነሱም።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። የታዘሉ ሕፃናት፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ሽርጡን ሳይፈታ የመጣ ምግብ አብሳይ። መርፌ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ ወንበር ላይ ቆመች። የደበቀችው ቋንቋ ከአፏ ወጣ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ እንዳትገቡ! ‹እናወጣችኋለን› የሚሏችሁ ጠላፊዎች ናቸው። አድራሻችሁን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»



ነፍሰ ጡሯ አልሄደችም ነበር። ከሰዉ መሃል አተኩራ አየቻት።  ምራቋን ወለሉ ላይ እንትፍ አለች።

«ምንድን ነው የምትለፈልፊው?» ተቆጣጣሪው እየሮጠ መጣ።

መርፌ አርባ አንዱን አድራሻ የጻፈችበትን ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፈችው። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠላፊዎች እነዚህ ቤቶች ይገባሉ። ፖሊስ ይላኩ። ምልክት ካደረግሁባቸው ሦስቱ ይጀምሩ፤ ስልክ አላነሱም።»

«አንቺ ማነሽ?»

ሕዝቡ በሩን እያጥለቀለቀው ነው። አብራ ወጣች። ቦርሳዋን እንኳ አልያዘችም።

ከሦስቱ ሁለቱ ተረፉ። ሦስተኛው፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ቤቱ ተሰብሮ ተገኘ፤ እሱ የለም። ይህን ሌላ ከተማ ሆና ከጋዜጣ አነበበች። የተያዙት አራት ጠላፊዎች ፎቶ ወጥቷል። አጎት ከመካከላቸው የለም።

በወሩ ከአውቶቡስ መናኸሪያ አገር ቤት ወዳለው የእናቷ ቤት ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ሃሎ?» የወንድ ድምፅ ነው። «ማን ልበል?»

ድምፁን አወቀችው።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ?» አለ አጎት።

ዘጋችው። የስልኩን እጀታ እንደጨበጠች ቆየች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው የለቀቀችው።

የምትሠራበት ላውንደሪ ስትደርስ አሠሪዋ በር ላይ ቆማለች።

«አንቺ አዲሷ፣ የት ጠፋሽ? ሸሚዙ ተከምሯል እኮ!»

«መጣሁ» አለች፤ ካውያውንም ሰካች።