ጭምቷ አንብቢልኝ ያለችኝ ገጽ

ይህ የሆነ ነገር ነው። በልጄ እምላለሁ፤ ከእሷ በላይ የምምልበት የለኝም።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም፣ ዝናብም አልዘነበም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ባለበት ሰዓት።

እኔ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ፤ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል። አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው።

ልጄ ቤት ነበረች...

ብቻዋን።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ልጄ አስም አለባት። የመድኃኒቷን ጽሑፍ ሰው እየለመንኩ ማስነበብ ሲሰለቸኝ፣ ለጎልማሶች በተከፈተ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ የተወሰንን ሴቶች የተማርነውን እንዳንረሳው ብለን በስልክ ቡድን ከፈትን።

ደንባችን ቀላል ነው። ሁላችንም በየቀኑ አንድ ገጽ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፤ ድምፁን እንልካለን፤ የተሳሳተችውን እናርማለን። ከዚያ ወሬ ይቀጥላል። ጤና እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ...

እትዬ ዶክተር አሉ። ዶክተር አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆስፒታል ወለል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ግን አንዷ አመመኝ ካለች መድኃኒት ሳያዙላት አያድሩም፤ ስለዚህ ዶክተር አልናቸው።

ልብስ ሰፊዋ አለች። ምላሷ ከመቀሷ የባሰ ነው። እኔ አንድ ገጽ አንብቤ እስክጨርስ ድረስ እሷ ቀሚስ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ለባለቤቷ አስረክባ እንደምትመለስ ለሁሉም ታወራለች።

ደግሞ ጭምቷ አለች።

ጭምቷ አንብባ አታውቅም። ትሰማለች። ድምፅ ልከን ገና ስልኩን ሳናስቀምጥ፣ ቀድማ የሰማችው እሷ መሆኗን ስልኩ ያሳየናል። እኛም ታፍራለች እያልን ተውናት።

ስለ እኔ ንባብ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ።

ሳነብ ዓይኔ ከፊደሉ ላይ አይነሳም። አንዱን ፊደል ለቅቄ ቀጣዩን እስክይዝ ድረስ ወንዝ የምሻገር ይመስለኛል። ቃሉን አፌ ይለዋል እንጂ ጭንቅላቴ አይሰማውም። ምን እንዳነበብኩ የሚገባኝ፣ የላኩትን ድምፅ መልሼ ሳዳምጥ ነው። ያኔ ነው ለካ እንዲህ ነው የሚለው የምለው።

መጀመሪያ እልካለሁ... ኋላ ይገባኛል።

ጭምቷ ለተወሰነ ጊዜ ጠፍታ ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት ተመለሰች። ተመልሳም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ላከች።

«ጠፋሁባችሁ አይደል? አሞኝ ነበር። ናፍቃችሁኛል።»

ለስላሳ ድምፅ ነው። ደስ አለን። እትዬ ዶክተር ምን እንዳመማት ጠየቋት፤ ዝንጅብል በማር እንድትጠጣም አዘዙላት። እሷም ሳቀች።

ሳቋን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

የእትዬ ዶክተር ሳቅ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያፈኗት ትንሽ ሳል እንኳ አልቀረችም።

ድምፁን መልሼ ሰማሁት። ከበስተጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል... ቀስ ብሎ ይጀምርና ይፈጥናል፤ እንደ ልብስ ሰፊዋ እግር አረጋገጥ።

ከዚያ ደግሞ የልጅ ሳል።

አጭር። መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚል።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። አጠገቡ ነው የምተኛው።

ለልብስ ሰፊዋ ለብቻዋ ነገርኳት። ጆሮሽን አስጠርጊ አለችኝ። ምድር ቤት የማሽን ጩኸት ስሰማ ስለምውል ነው አለች። እኔም ሳቅኩና ተውኩት። የታመመ ልጅ ሁሉ ይስላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ በኋላ ጭምቷ ወሬ ወደደች። የእትዬ ዶክተርን ጉልበት ጠየቀች። የልብስ ሰፊዋ ባል ስኳሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ልጄ ትጠይቃለች። ደረቷ እንዴት ነው? ትምህርት ቤት ትሄዳለች? ቀን ቀን ማን ጋ ትውላለች?

እናት ስለ ልጇ የሚጠይቃት ሰው ካገኘች አፏ አይዘጋም።

ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙ ከአቧራ ትራቅ፣ ይህን ሳምንት ቤት ትዋል እንዳለ ነገርኳት። ፈቃድ ጠይቄ እንደተከለከልኩ ነገርኳት። ልጄ ከውስጥ ቆልፋ እንደምትውል፣ የፈለገ ሰው ቢያንኳኳ የእኔን ድምፅ ካልሰማች እንደማትከፍት ነገርኳት። ጎበዝ ልጅ ናት ብዬ ተኩራራሁ እንኳ።

ቤቴ የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እትዬ ዶክተር ለልጄ የመተንፈሻ መሣሪያ ሊልኩልኝ ባሉ ጊዜ ራሴ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ አረንጓዴው በር።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእረፍት ቁጭ እንዳልኩ ቡድናችን ላይ መልእክት መጣ። ከጭምቷ።

«ዓይኔን አሞኛል። ይህችን ገጽ አንብቢልኝ። ያንቺ ድምፅ ደስ ይለኛል።»

ከሥሩ የአንድ ገጽ ፎቶ አለ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ እንደ ትምህርት ቤታችን መጽሐፍ። ከእኔ ልክ አያልፍም።

እውነቱን ልንገራችሁ... ደረቴ ተነፋ። ዕድሜ ልኬን ሰው አንብብልኝ እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንብቢልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የታጠፉ አንሶላዎች ላይ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ላቤ ጠብ እስኪል አነበብኩት። ላክሁት።

ወዲያው ሰማችው።

እኔም እንደ ልማዴ፣ ምን ይሆን ያነበብኩት ብዬ የራሴን ድምፅ ከፈትኩ።

«ል... ጄ... እኔ ነኝ...»

ተረት መሰለኝ።

«በ... በሩን... ክፈ... ክፈቺልኝ...»

ማሽኖቹ ይዞራሉ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«አት... ፍሪ... እማ... እማዬ ነኝ... ዛሬ ቶሎ... ተመለስኩ...»

ፎቶውን መልሼ ልየው ብል የለም። ጭምቷም የለችም። ከቡድኑ ወጥታለች። ድምፄ ብቻ ነው እዚያ የቀረው።

ቤት ደወልኩ። ለልጄ የተውኩላት አሮጌ ስልክ ጠራ... ጠራ... ጠራ...

አነሳችው።

«እማዬ።» ታንሾካሹካለች።

«የት ነሽ?»

«በሩ ጋ።»

«ከፈትሽ?»

ትንፋሿ ያፏጫል።

«እማዬ... ውጪ ቆመሽ ለምን ትደውያለሽ?»

ከአንሶላዎቹ ላይ ተነሳሁ።

«ውጪ አይደለሁም። ሥራ ቦታ ነኝ። እንዳትከፍቺ።»

«ድምፅሽ ግን እዚህ ነው።»

«እንዳትከፍቺ። ሰማሽኝ?»

«እሺ...»

ያን ጊዜ ሰማሁት። በስልኩ ውስጥ፣ ከልጄ ትንፋሽ ጀርባ፣ ከእንጨት ማዶ... የራሴ ድምፅ።

«በ... በሩን... ክፈ... ክፈቺልኝ...»

ኃላፊዬ ከኋላ የሆነ ነገር አለችኝ፤ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው ይስቃል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ አንዱ መኪናውን ያጥባል። እኔ እሮጣለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ አለሁ፣ አለሁ እያልኩ። መንገድ እንዳጋመስኩ የስልኬ ባትሪ አለቀ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ኮሪደሩ ባዶ ነው። የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አረንጓዴው በር... ተዘግቷል።

«ልጄ። እኔ ነኝ። ክፈቺ።»

በሩን በመዳፌ መታሁት።

«እማዬ ነኝ።»

ከውስጥ፣ ከታች፣ ከቁልፉ ቀዳዳ በታች የልጄ ድምፅ መጣ።

«ሂጂ።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ የኔ እናት።»

«እሷም እንደዚያ ነው የምትለው።»

ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ድምፄን እመኚ ያልኳት። ድምፄ ግን ተወስዷል። አሁን ምን ልበላት? በየትኛው አፌ? ከበሩ ማዶ ደረቷ እንደ ድስት ክዳን ይርገበገባል፤ መድኃኒቷን ካልሳበች ትታፈናለች። ክፈቺ ባልኳት ቁጥር ወደ ውስጥ ስትሸሽ ይሰማኛል።

ከዚያ ንዴት ይሁን ፍርሃት፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፌ ተፈታ።

«አንቺ ልጅ፣ የጠዋቱን ሽሮፕ አበባው ውስጥ መድፋትሽን ያላየሁ መስሎሻል? አበባው ደርቋል። ካልሲሽም አልጋ ሥር ነው፣ ደብተርሽም አልጋ ሥር ነው፣ አንቺ ብቻ ነሽ አልጋ ላይ ያለሽው። አሁን ያቺን መተንፈሻ አፍሽ ላይ አድርጊ፤ በሩን ባትከፍቺም ግድ የለኝም፣ መጀመሪያ እሷን አድርጊ።»

እግሯ ወደ አልጋው ሲሮጥ ሰማሁ።

ከዚያ መተንፈሻው ፍስስ ሲል ሰማሁ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

ቁልፉ ዞረ።

አቅፌያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልቧ በሸሚዟ በኩል እጄን ይመታኛል። እንዴት እንዳወቀችኝ ስጠይቃት፣ ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀብራ መለሰች።

«አንቺ ስትጠሪኝ ትቆጫለሽ። እሷ ታነባለች።»

ያቺ ውጪ የነበረችው፣ አለችኝ ልጄ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትደናቀፋለች። «በ» ላይ ትቆማለች። «እማ» ላይ ትቆማለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መክፈት ፈልጋ ነበር፤ እጇ ቁልፉ ላይ ነበር። ግን እናቷ ከመጽሐፍ ላይ ለምን እንደምትጠራት ግራ ገባት።

ለእትዬ ዶክተርና ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊዋ በዚያን ቀን አልቀለደችም። ጭምቷን ቡድኑ ውስጥ ማን እንዳስገባት ተጠያየቅን። እትዬ ዶክተር ልብስ ሰፊዋ ናት ብለው ነበር የሚያስቡት። ልብስ ሰፊዋ እኔን ነበር። እኔ ደግሞ እትዬ ዶክተርን።

ክፍል ውስጥ የት ትቀመጥ እንደነበር የሚያስታውስ አልተገኘም።

ቡድኑን ዘጋነው። አሁን የምናነበው ተገናኝተን ነው፤ እትዬ ዶክተር ቤት፣ ፊት ለፊት እየተያየን። እኔም ኃላፊዬን ለምኜ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በፊት መውጣት ጀመርኩ። ልጄ ተሽሏት ትምህርት ቤት ተመልሳለች። ብቻዋን አልተዋትም። አለቀ ብዬ ነበር።

ትናንት ቤት ነበርን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በሩ ተቆልፏል። እኔ ልብስ አጥፋለሁ፤ ልጄ አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። እሷ እንደ እኔ አይደለችም፤ እንደ ውኃ ነው የምታወርደው። ስለ ዝሆንና ስለ ጥንቸል ነው። እየሰማሁ ፈገግ እላለሁ።

አንድ መስመር መሃል ላይ ትንፋሽ ለመሳብ አቆመች።

ንባቡ ግን አልቆመም።

ጥንቸሏ ወደ ጉድጓዱ ሄደች አለ። ዝሆኑን ጠራችው አለ። ከበሩ በኩል ነው የሚመጣው፤ ዝቅ ብሎ፣ ከወለሉ አካባቢ። ድምፁ የእኔ ነው። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ልጄ መጽሐፉን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

«እማዬ...»

«ዝም በይ።»

«አሁን አትደናቀፍም።»

በሩ ላይ ስስ መጋረጃ አለን። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ነፋስ የለም። የመጋረጃው ጫፍ ግን ተሳበ... በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውጪ ወጣ... ቆየ...

ከዚያ በምራቅ ረጥቦ ተመለሰ።

ደግሞ ተሳበ።